ነቀምቴን በመቀስ

ነቀምቴ ፎቶ መነሳት የማታውቅ ከተማ ነበረች። ሰዉስ ያውቅበታል፤ ቀጥ ይላል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ዘመድ እንደሞተበት ይኮሳተራል። ከተማዋ ግን ኮረብታ ላይ ተወጥቶ ካሜራ ሲደቀንባት ግማሿ ባሕር ዛፍ ውስጥ ትገባለች፣ ግማሿ ጭጋግ ትለብሳለች፣ የተረፈችው ደግሞ ቆርቆሮዋን አብለጭልጫ ፊልሙን ታበላሻለች። ሸሽታ ነው እንጂ ቆማ የተነሳችበትን ፎቶ አላየሁም።

እኔ ፎቶ አንሺ አልነበርኩም፤ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ወለጋ የቀረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ነቀምቴ ኖሮ «ኦሮምኛ አልችልም» ይላል፤ ገበያ ወጥቶ በኦሮምኛ የማር ዋጋ ሲከራከር ግን አንደበቱን ማንም አይመልሰውም። ከእናቴ የወረስኩትን የስፌት መኪና ይዤ በዋናው መንገድ ላይ አንዲት ቤት በረንዳ ተከራየሁ። የቤቱን ውስጥ የተከራየው አንድ ፎቶ አንሺ ነበር።

ይህ ሰው ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የዲጋ ልጅ ነው። ሚሲዮን ያደገ፣ ሙያውንም እዚያው ከአንድ ፈረንጅ የተማረ፣ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ሲናደድ እንኳ አምላኩን ከመጥራት፣ ከ«ያ ዋቃ!» በላይ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው። ቁጣውን ሁሉ በዝምታ ስለሚያደርገው እኔ የሁለታችንን እሳደብለት ነበር። ሥራችን ሳናስበው ተዋሐደ። ደንበኛ አንገቱ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ ሲመጣ እሰፋለታለሁ፤ ኮት ለሌለው የቤቱን ኮት አለብሰዋለሁ። ኮቱ አንድ ብቻ ነው። ለወፍራም ከኋላው ክፍት እንተወዋለን፤ ለቀጭን በመርፌ እናጠበዋለን። በዚያ ዘመን ከነቀምቴ ወንዶች መካከል ያንን ኮት ለብሶ ያልተነሳ ቢኖር ካሜራ የሚፈራ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የኤግዚቢሽን ኮሚቴው ሰብሳቢ መጡ። ከሸዋ ተሹመው የመጡ፣ ጃንጥላቸውን በበጋም የማይለዩ፣ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል እንደ ጨው በየምግቡ የሚነሰንሱ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የየጠቅላይ ግዛቱ ኤግዚቢሽን ይደረጋልና እያንዳንዱ ዋና ከተማ የራሱን ትልቅ ፎቶ እንዲልክ ታዟል አሉ። ፎቶ አንሺውም በሦስተኛው ቀን ኮረብታ ላይ ወጥቶ ያነሳውን ፎቶ አጉልቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ነቀምቴ ነው፣ ጌታዬ።»

«የታለች?»

ፎቶ አንሺው በእርሳሱ ጫፍ እያመለከተ፣ «ይኸው፣ ይሄ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው» አላቸው።

«ይሄ ዛፍ ነው!»

«ከዛፉ ጀርባ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰብሳቢው ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ጅማ ፎቅ ስትልክ እኛ ዛፍ ልንልክ ነው? ከተማ ነው የተጠየቅነው! ሰው፣ መኪና፣ መንገድ፣ እንቅስቃሴ! ሁሉንም በአንድ ፎቶ!»

«ካሜራው የሚያየው የፊቱን ብቻ ነው» አለ ፎቶ አንሺው፣ በጣም ቀስ ብሎ። እንዲህ ቀስ ሲል መናደዱ ነው።

እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የአንድ ሰውዬ ሱሪ እየጣፍኩ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ጨርቅ ሲያንስ ይቀጣጠላል» አልኩ። «አንድ ፎቶ ካልበቃ ብዙ አንስቶ፣ ቆራርጦ፣ አንድ ሳንቃ ላይ መለጠፍ ነው።»

ፎቶ አንሺው ዞሮ ገላመጠኝ። «አንቺ፣ ፎቶ ድሪቶ አይደለም» አለኝ።

ሰብሳቢው ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይቀጣጠል!» አሉ። «ማለፊያ! ዘመናዊ አሠራር ነው!» እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱሪ ወደ ከተማ ተዛወርኩ።

ፎቶ አንሺው ለጥቂት ቀናት ኩርፊያውን ተሸክሞ ሲያነሳ ሰነበተ። ገበያውን አነሳ፣ ሆስፒታሉን አነሳ፣ የሚሲዮኑን ትምህርት ቤትና ጸሎት ቤት አነሳ፣ ሹማምንቱን በየደጃፋቸው አነሳ፣ አባቴ የሚያገለግልበትን ቤተ ክርስቲያን አነሳ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሲሬ ላይ ቁርስ ምሳውን አዋህዶ እየበላ ስለሚዘገይ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀው ይውላል። አውቶቡሱን ከፊት አነሳው፣ ከኋላ አነሳው፣ ከሁለቱም ጎን አነሳው። ሾፌሩ ጉዳዩን ሲሰማ ከመሪው አልወርድ አለ፤ ከኋላ የተነሳው ላይ እንኳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ዞሮ ይታያል። ሳንቃው ላይ ስንደረድራቸው አንዱ አውቶቡስ የአውቶቡስ ሰልፍ ሆነ፤ ሁሉንም የሚነዳው ግን ያው አንድ ሾፌር ነበር።

ማታ ማታ የከተማው ጀነሬተር ሲነሳ እሱ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ያትማል። ጠዋት ሲደርቅ እኔ እቆርጣለሁ። መጀመሪያ አጠገቤ ቆሞ እጄን ይጠብቅ ነበር፤ የሰው ጆሮ ሳልነካ በፀጉር ዙሪያ መዞሬን ሲያይ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሰው ወዲህ ወዲያ እያደረግን እንከራከር ጀመር። እሱ የገበያውን ግርግር መሐል ላይ ይፈልጋል፤ እኔ አውቶቡሶቹን ከታች። ከተማ መሥራት የሚከብድ መስሎኝ ነበር። አይከብድም፤ መቀስና ሁለት ግትር ሰው ይበቃል።

ሰብሳቢው በየሁለት ቀኑ እየመጡ ይቆጣጠራሉ። አንድ ጠዋት ጃንጥላቸውን ወደ ሳንቃው አሾሉና፣ «ይቺ አህያ ትውጣ» አሉ። አህያዋ ወጣች። «ይሄ ተሸካሚም ይውጣ።» ወጣ። «ይሄ የጠጅ ቤት በር አይደለም? ይውጣ። እነዚህ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ እነዚህ ቅቤ ሻጮች፣ ይውጡ። በባዶ እግሩ የቆመ ሰው በጠቅላላ ይውጣ!»

«ታዲያ ማን ቀረ፣ ጌታዬ?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ዘመናዊ ሰው!»

ዘመናዊ ሰው ፍለጋ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር አየነው። አውቶቡሶቹ ቀሩ፤ ሰብሳቢውና ጓደኞቻቸው ሹማምንት ቀሩ፤ ጥቂት አስተማሪዎች ቀሩ፤ አንዲት ነርስ ቀረች። ገበያው የእግዜር ሜዳ ሆነ። ሰብሳቢው ራሳቸው ደነገጡ። «እንግዲያው እግራቸው ብቻ ይስተካከል» ብለው ወጡ።

እግር ማስተካከል ምን እንደሆነ ላስረዳ። ባዶ እግር የሆነውን ሰው ከቁርጭምጭሚቱ ላይ እቆርጣለሁ፤ እግሩን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እጥላለሁ፤ በምትኩ ጫማ ያደረገ የሌላ ሰው እግር እቀጥላለሁ። ችግሩ ፎቶው ላይ በደንብ የሚታይ ጫማ ያለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሆነ ባለሁለት ቀለም ጫማ አድርጎ፣ አንዱን እግር ከአንዱ አስቀድሞ፣ ጫማው እንዲታይ ብሎ የተነሳ ሰው። ፎቶ አንሺው የዚያን ሰው እግር በትልቁም በትንሹም እየደጋገመ አተመልኝ። እህል ሻጩም፣ ሸማኔውም፣ ሽማግሌውም በጸሐፊው ጫማ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ቆሙ። ገበያው ሊጨፍር የተሰለፈ መሰለ። ለሴቶቹ ግን እግራቸውን ከቆረጥኩ በኋላ የሚሆን ምትክ ስላጣን የቅቤ ሻጮቹንና የእንጨት ተሸካሚዎቹን ቅዳጅ ከአህዮቹ ጋር ከጠረጴዛው ሥር ከተትናቸው።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ አባቴ መጣ። ሳንቃውን ዓይኑን አጥብቦ አየና፣ «የሚሲዮኑ ጣሪያ ከቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት በላይ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ኮረብታ ላይ ስለሆነ ነው፣ አባባ።»

«ኮረብታውን እኔም አውቀዋለሁ። ዝቅ አድርጊው።»

ጉልላቱን ከፍ አደረግኩት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የፎቶ አንሺው አጎት፣ የሚሲዮኑ ወንጌላዊ፣ «እንዴት ነው ደወላችን ከነሱ ጓሮ የገባው?» ብለው መጡ፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ ደወሉን ከፍ አደረገው። በማግስቱ እኔ ጉልላቱን፣ እሱ ደወሉን። በመጨረሻ ሁለቱም የአምልኮ ቤቶች ከምድር ተነስተው ሰማይ ላይ ተንሳፈፉ። ተያይተን ሳቅን። ከልባችን የሳቅነው ያን ጊዜ መጀመሪያችን ነበር። ሁለቱንም አውርደን እኩል አደረግናቸውና ከላያቸው ባሕር ዛፍ ተከልንባቸው። ያንን ማንም አልተቃወመም፤ ባሕር ዛፍ ሃይማኖት የለውም።

የመጨረሻው ሥራ የሹማምንቱ ረድፍ ነበር። ሰብሳቢው ከነጓደኞቻቸው ከዳር ወደ መሐል ተዛውረው፣ ከሁሉ ጎልተው እንዲቆሙ ታዘዝን። ኮላችን በስንዴ ዱቄት የተሠራ ነበር፤ ሌላ የለንም። «እኛን ጠበቅ አድርጋችሁ ለጥፉን» አሉ ሰብሳቢው፣ «በመንገድ እንዳንላቀቅ።» እኔም አልሰሰትኩም። ለሕዝቡ አንድ እጅ ስቀባ ለሹማምንቱ እንደ ገንፎ ከመርኩላቸው።

ሥራው የሚመረቅበት ቀን ጠዋት ፎቶ ቤቱን ከፍቼ ስገባ ሹማምንቱ የሉም። ከአንገታቸው በታች ትንሽ ትንሽ ደረት ቀርቷል፤ የአንዳቸው መነጽር ግማሹ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የተቦጫጨቀ ጉድጓድ ነው። ዙሪያውን የአይጥ ኩስ። ሕዝቡን አልነኩትም፤ ኮላ ወዳለበት ነው የሄዱት።

ፎቶ አንሺው ከኋላዬ ደረሰ። «ያ ዋቃ!» ብሎ ኮቱ የሚሰቀልበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«እንደገና አትማቸው» አልኩት።

«በምን መብራት? ጀነሬተሩ እስኪመሽ አይነሳም። ጥሪው ደግሞ ለረፋድ ነው።»

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩና ቅዳጁን ሁሉ አወጣሁ፤ አህዮቹን፣ ተሸካሚዎቹን፣ የጠጅ ቤቱን በር፣ ሴቶቹን።

«ሰብሳቢው ይገሉናል» አለኝ።

«ባዶውን ቢያዩትም ይገሉናል። ሞልተን እንሙት።»

ተነሳ። አንዲት አህያ አንስቶ ሰብሳቢው የነበሩበት ላይ ሲያስቀምጥ ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ፤ እያለቀሰ መስሎኝ ሳየው ሳቅ ይዞት ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ቅቤ ሻጭ አደረግን፤ ረጅም፣ የቅቤ ቅሏን ያዘለች፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ካሜራውን «ምን ታያለህ?» ብላ የቆመች። ቆርጬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ እዚያ ስትቆም ግን ቦታው የሷ የነበረ መሰለ። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየና፣ «አሁን ነቀምቴን መሰለች» አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። እኔም ለዚያ ሁሉ ጊዜ ስንሠራ የከረምነው ማንም የማይኖርባትን ከተማ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ብዙ ለማሰብ ግን ሰዓት አልነበረም። ሳንቃውን በአንሶላ ሸፍነን፣ ለማንኛውም ብዬ ኮላውንና የብስኩት ቆርቆሮውን አብሬ ጭኜ፣ በጋሪ ወደ ምረቃው አዳራሽ ወሰድነው።

ጠቅላይ ገዥው አዲስ አበባ ስለነበሩ በሳቸው ፈንታ አንድ ሽማግሌ ፊታውራሪ መጡ። እግራቸውን ስለሚያማቸው በበቅሎ እስከ አዳራሹ ደጃፍ መጥተው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ። ሰብሳቢው ከፊታቸው እጅ እየነሱ፣ ከኋላቸው እየተሽከረከሩ፣ ስለ ዘመናዊነት ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሳንቃው ተሸፍኖ እንዲቆይ ረዳን፤ እድሜ ለሰብሳቢው፣ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ራሳቸው አንሶላውን ገፈፉት፤ ዓይናቸው ግን ፎቶው ላይ ሳይሆን የፊታውራሪው ፊት ላይ ነበር።

ፊታውራሪው አፍንጫቸው ሳንቃውን እስኪነካ ቀረቡ። «እሰይ!» አሉ። «ይቺ አህያ የማን ናት?»

«አህያ የለም፣ ክቡርነትዎ» አሉ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው።

«እንዴት የለም? ይቺ ታዲያ ምንድን ናት፣ ዋና ጸሐፊ ናት?»

ሰብሳቢው ያን ጊዜ ዞረው አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ፣ ከዚያ ምንም አልመስል አለ። እኔንና ፎቶ አንሺውን በዓይናቸው ፈለጉን። ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል።

«ለመሆኑ ሹማምንቱ የታሉ?» አሉ ፊታውራሪው። «እኔ የሰማሁት መሐል ላይ ናቸው ተብሎ ነው።»

ፎቶ አንሺው ውሸት እንደማይችል አውቃለሁ፤ እኔ እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን አንድም ውሸት አልመጣልኝም።

«አይጥ በላቸው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሹማምንቱን አይጥ በላቸው። ኮላው በዝቶባቸው ነበር።»

ፊታውራሪውን ከሆዳቸው ጀምሮ ሳቅ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር፤ ደጋፊዎቻቸው ወንበር አመጡ። «ዕድሜ ልኬን ሹም ሲበላ አይቻለሁ» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ሹም በአይጥ ሲበላ ግን ዛሬ ገና ነው ያየሁት!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሳቅ የማይገባቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንኳ ሳል አስመስለው ሳቁ።

ፊታውራሪው ተመልሰው ወደ ሳንቃው አዩና፣ «የዚህ ሁሉ ሰው ጫማ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። መንግሥት አደለው እንዴ?» አሉ።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ!» የሚል ጩኸት ከኋላ ተሰማ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሰው እየገፋ መጣ፤ ጫማውን አድርጎት ነበር። «ይሄ የኔ እግር ነው! ይሄም! ይሄም! ይሄ ሸማኔ ጎረቤቴ ነው፣ ሰላምታ እንኳ የለንም፣ በኔ ጫማ ቆሟል!»

ሰዉ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ የጸሐፊውን እግር እያየ አመሳከረ። ፊታውራሪው ዝቅ ብለው ጫማውን ተመለከቱና፣ «ደህና ጫማ ነው። ታዲያ ዛሬ ተራው ያንተ ነው?» አሉት። ሰብሳቢው ወደ ፊታውራሪው ጆሮ ተጠግተው፣ ፎቶው ሳይታረም እንደማይላክ፣ ጥፋተኞቹም እንደሚቀጡ በሹክሹክታ ነገሯቸው። ፊታውራሪው ሹክሹክታ አይወዱም ነበርና ጮክ ብለው መለሱ፦

«ይሄው እንዲሁ ይላካል። እኔ ሳውቃት ይቺን ከተማ የምታበላት ይቺ ቅቤ ሻጭ ናት፤ እናንተን ቢያጧችሁ ማን ያዝናል?»

በበቅሏቸው ሄዱ። ሰብሳቢው ጃንጥላቸውን ይዘው በሌላው በር ወጡ፤ ውጭ ዝናብ ነበር፤ አልዘረጉትም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ ከነሸክሙ ገባ። የሹማምንቱ ወሬ ከሰዉ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር፤ በየጥጉ «ሃንቱታቱ ኛቴ» ይባላል፣ አይጥ በላቸው ማለት ነው። እኔና ፎቶ አንሺው ሳንቃው አጠገብ ቆመን ሳለ ያቺው ቅቤ ሻጭ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ገባች። ቅሏ ጀርባዋ ላይ ነው። ፎቶው ፊት ደርሳ ቆመች፤ ጓደኞቿ በክርናቸው ጎሸሟት።

«ኩን አና» አለች፤ ይሄ እኔ ነኝ። ጣቷን ፎቶው ላይ ባለው ፊቷ ዙሪያ ሳታስነካ አዞረች። ከዚያ ወደ ታች አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «ሚሊ ኮ ኤሳ ጅራ?»

እግሬስ የት አለ ማለቷ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆርጫት ነበርና መሬት ሳትነካ ተንሳፍፋለች።

«አዴ፣ ቆርጠነው ነበር» አልኳት በኦሮምኛ፤ አዴ እመቤት እንደ ማለት ነው።

«ለምን?»

ሰብሳቢው አዘው፣ ዘመናዊ ለመሆን፣ አዲስ አበባ እንዳያፍርብን፤ የመጣልኝ ሁሉ እሷ ፊት የሚነገር አልሆነም። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍቼ ዘረጋሁላት። እግሮቹን በጣቷ ታገላብጥ ጀመር። ፎቶ አንሺው ሊረዳት ብሎ ሁለት እግር ሲያነሳላት፣ «ለኪ፣ አይደለም፣ ይሄ የወንድ ነው» ብላ መለሰችበት። አንድ ጥንድ አወጣች፣ ቀኝ እግሯንም አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቅላ የወረቀቱን እግር ከጎኑ አስቀመጠችው። ላም የረገጠቻት ትንሿ ጣቷ ወደ ጎን የጠመመች ናት፤ ፎቶውም ላይ እንዲሁ ጠምማለች።

ኮላ ቀብተን ወደ ቦታው መለስንላት። እሷ ቅሏን አስተካክላ፣ «እንግዲህ ወደ ቤቴ መሄድ እችላለሁ» አለች፤ ጓደኞቿ በሳቅ ተጣጠፉ። እኔም ሳቅሁ። ፎቶ አንሺውን ሳየው መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት መነጽሩን የወለወለበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከሷ በኋላ ወረፋ ሆነ። ሸማኔው መጣና፣ «የዚያን ሰውዬ ጫማ ከኔ ላይ አንሱልኝ» አለ። እህል ሻጩ መጣ። ሽማግሌው መጡ። አንዱ የራሱን እግር አጥቶ የሌላ ይዞ ሊሄድ ሲል ተይዞ ጠብ ተነሳ። አንዱ ግን ጫማው ይቅርልኝ ብሎ ለመነ፤ ተስማምቶታል፤ ተውንለት። ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን ለጸሐፊው ከአንድ ጥንድ ጫማ በቀር ሁሉ ተመልሶለት ነበር።

ሳንቃው በሸራ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሄደ። ሾፌሩ ራሱ ነው ያሰረው፤ በውስጡ ያለውን የራሱን ብዛት ያውቃልና። ኤግዚቢሽኑን አይቶ የተመለሰ አንድ አስተማሪ እንደነገረን፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከፊቱ ግን የወለጋ ቡና ናሙና በጆንያ ተከምሮበት የሚታየው ሰማዩና ባሕር ዛፉ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው በዚህ በጣም ተደሰቱ ይባላል። እንግዲህ ያን ሁሉ ደክመን አዲስ አበባ ያየችው ያንኑ የመጀመሪያውን ዛፍ ነው። ሳንቃው ተመልሶ አልመጣም። ሰብሳቢው ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ዕድገት ነው አሉ። ነቀምቴ ግን ስማቸውን ረስታ «አይጥ የበላቸው» እያለች ኖረች።

እኛ ሥራ በዛብን። ሰዉ ፎቶ ሊቆረጥና ሊቀጠል እንደሚችል ካየ በኋላ ማን ዝም ይላል? አንዱ አስመራ ያለ ልጁ አጠገቡ እንዲቆም ይፈልጋል። አንዷ ከቤተሰብ ፎቶ ላይ አማቷ እንድትወጣ ትፈልጋለች፤ አማቷ በማግስቱ መጥታ ምራቷ እንድትወጣ ትፈልጋለች። አንድ ነጋዴ ፎቶ ላይ ከአውሮፕላን ሲወርድ ታየ፤ አውሮፕላን ማረፊያውን እንኳ ከሩቅ ያላየ ሰው ነው። የስፌት መኪናዬ አቧራ ጠጣ። መቀሱን ግን ማንም አልነካውም፤ የኔ ነው።

ከፎቶ አንሺው ጋር የተጋባነው ከዚያ በኋላ ነው። እንዴት እንደጠየቀኝ ብነግራችሁ አታምኑም፤ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ኮቱን ከዛሬ በኋላ አብረን ብንሰቅለው ምን ይመስልሻል?» አለኝ። ሰው ሁሉ የለበሰውን ኮት! እኔም «መጀመሪያ ይታጠብ» አልኩት። ታጠበ።

አባቴ ለሚሲዮን ሰው ልጄን አልሰጥም ብሎ ከረመ። አጎትየውም በበኩላቸው ከጎጃሜ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም አሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተላከ። በመጨረሻ ሁለቱም ፈቀዱ፤ አንድ ላይ ፎቶ መነሳት ግን አይታሰብም አሉ። አባቴ ከዘመዶቹ ጋር በግቢያችን ተነሳ፤ የባሌ ሰዎች ከአጎትየው ጋር ዲጋ ላይ ተነሱ። እኔ ከሠርጉ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ፎቶ ቆረጥኩና መሐላቸው እኛን አድርጌ አንድ አደረግኋቸው። አባቴና ወንጌላዊው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። በእውነተኛው ዓለም አንድም ቀን እንዲያ ቆመው አያውቁም።

ፎቶውን ለአባቴ ስሰጠው እንዳይቀደው ፈርቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። አገላብጦ የወረቀቱን ጀርባ አየ። መልሶ ፊቱን አየ።

«ሰውየው ተጠግቶኛል» አለ።

«ላንሳው፣ አባባ?»

«አንሺው ማን አለሽ?» አለኝ ቆጣ ብሎ። «ትንሽ ፈቀቅ አድርጊው ነው ያልኩሽ።»

ወንጌላዊውን አንድ ጣት የምታህል ፈቀቅ አደረግኳቸው። ሲያየው ራሱን ነቀነቀና ከአልጋው ራስጌ፣ ከሥዕለ ማርያም በስተግራ ሰቀለው።